በባለቤቱ ላይ በር የዘጋ ዘበኛ

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ አንድ በዕድሜ የገፉ መምህር አሉ። ወጣቶቹ መምህራን ሁሉ «ጋሼ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ባለፈው ዓመት፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ፣ የተማሪ ውጤት ለማስረከብ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ፍላሻቸውን በእጃቸው ጨብጠው ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገቡና ወንበር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

«ልጄ፣» አሉኝ፤ «ይህ አንቲቫይረስ የምትሉት ነገር የአምስት ክፍል ልጆች በላብኝ።»

ነገሩን ከሥሩ ብንጠይቃቸው እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ 300 ያህል ተማሪዎች በየፈተናው ያገኙትን ውጤት በአንዲት ፍላሽ ይዘው ይዞራሉ። ይህችን ፍላሽ ፈተና ለማባዛት ሲሉ ከተማው ውስጥ ካለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ሰክተዋት ነበር። ከዚያም ቤታቸው ተመልሰው ሴት ልጃቸው ከዱባይ በላከችላቸው ላፕቶፕ ላይ ሲሰኳት፣ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣው አንቲቫይረስ ቀይ ምልክት አሳየና አደገኛ ነገር አግኝቶ እንዳጠፋ ነገራቸው። ጋሼም ደስ አላቸው። ፍላሿን ከፍተው ቢያዩ ግን ባዶ ናት። «9ኛ ሀ»፣ «9ኛ ለ» እያሉ ስም ያወጡላቸው ፎልደሮች አንዳቸውም የሉም። ደንግጠው ወደ አንድ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ወሰዷት። ጠጋኙ ልጅ ሰክቶ አያትና፣ «ፋዘር፣ ምንም የለባትም እኮ፤ ፎርማት ላድርጋት?» አላቸው። አድርግ አሉት፤ አደረገ። ለማጽናናት ይሁን ለደግነት እንጃ፣ ያለ ዋጋ 3 ፊልም ጭኖ ሰጣቸው።

እኔ ይህን ስሰማ ራሴን ያዝሁ። ምክንያቱም የጋሼ ፋይሎች አንቲቫይረሱ በጮኸበት ሰዓት አልጠፉም ነበር። እንዲህ ያለው ቫይረስ በጽሕፈት ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች መካከል በፍላሽ እየተዛወረ የሚኖር፣ ሁላችንም የምናውቀው ሌባ ነው። ፍላሹ ላይ ባሉት እውነተኛ ፎልደሮች ላይ «የተሰወረ» የሚል ምልክት ያደርግና ከዐይን ይሸሽጋቸዋል። በእነሱ ፈንታ ስማቸውንና መልካቸውን የያዙ ሾርትከቶችን ይደረድራል። ሰው ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ሾርትከቱን ሲነካ ቫይረሱ ወደ ኮምፒዩተሩ ይዘልቃል። አንቲቫይረሱ ሲደርስ ሾርትከቶቹን ያጠፋል፤ ይህም ተገቢ ሥራው ነው። የተሸሸጉትን ፎልደሮች ግን ብዙውን ጊዜ ከተሸሸጉበት አያወጣቸውም። ሌባው ተባሯል፤ ዕቃው ግን ሌባው በደበቀበት ጓዳ ውስጥ እንዳለ ነው። ባለቤቱ የሚያየው ባዶ ቤት ብቻ ነው።

ጋሼን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለማዳን፣ በዊንዶውስ የፋይል መስኮት ማስተካከያ ውስጥ የተሰወሩ ፋይሎች እንዲታዩ መምረጥና፣ የሲስተም ፋይሎችን ሰውር ከሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ምልክቱን ማንሣት ይበቃ ነበር። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ጠጋኙ ልጅም አላወቀውም። ፎርማት ከተደረገች በኋላ እንኳ ተስፋ ነበረ። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን እንጂ ጽሑፉን ራሱን ስለማይፍቀው፣ በላዩ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ በፋይል መመለሻ ፕሮግራም ብዙውን ማትረፍ ይቻላል። የጋሼን ውጤት ፈጽመው የቀበሩት 3ቱ ፊልሞች ናቸው።

ከዚህ ወዲህ ነው እንግዲህ፣ በሌላው ዓለም ያሉ ደንበኞች ከነዚህ የቤት ኮምፒዩተር ጠባቂዎች ጋር ምን እንደገጠማቸው እየፈለግሁ ማንበብ የጀመርሁት። ያነበብሁት ለጋሼ ማጽናኛ የሚሆን ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍለው ከሳቸው የባሰ የደረሰባቸው ብዙ ናቸውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የፍርሃት ገበያ

በ1986 ዓ.ም. በፓኪስታን፣ በላሆር ከተማ የሚኖሩ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች «ብሬይን» የተባለውን ቫይረስ ሠሩ። የአይ ቢ ኤም ዐይነት በሆኑት የግል ኮምፒዩተሮች ላይ በመሰራጨት የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። ወንድማማቾቹ የሸጡትን ፕሮግራም ሰው ያለ ፈቃድ እየገለበጠ ስላስቸገራቸው ያን ለመቈጣጠር እንደሠሩት ተናግረዋል። የሚያስገርመው ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና የስልክ ቍጥራቸውን በቫይረሱ ውስጥ መጻፋቸው ነው። የዛሬ ሌቦች እንደዚህ ያለ ጨዋነት የላቸውም። ከሩቅ አገር ሳይቀር የተቈጡ ሰዎች ላሆር ድረስ ይደውሉላቸው ጀመር።

በሽታው ሲመጣ መድኃኒት ሻጩም ተከትሎ መጣ። ጆን ማካፊ የተባለው አሜሪካዊ በ1987 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ። ገበያውን ያሟሟቀው ግን የ1992ቱ የ«ማይክል አንጀሎ» ወሬ ነው። ይህ ቫይረስ በሠዓሊው የልደት ቀን፣ በማርች 6፣ እየነቃ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን እንዲያጠፋ ሆኖ የተሠራ ነበር። ማካፊም እስከ 5 ሚሊዮን የሚደርሱ ኮምፒዩተሮች ሊያዙ ይችላሉ ብሎ መናገሩ ተጻፈ፤ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ወሬውን አራገቡት፤ ሕዝቡም አንቲቫይረስ ለመግዛት ተሻማ። ቀኑ ደርሶ ሲያልፍ የተጐዱት በሺዎች የሚቈጠሩ ብቻ ሆኑ። ኩባንያዎቹ፣ ሕዝቡ ስለተጠነቀቀ ነው የዳነው ማለት ይችላሉ፤ ይህ ደግሞ ማንም ሊያስረዳው ወይም ሊያፈርሰው የማይችል ክርክር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሌባ ያልመጣበት ዘበኛ፣ ሌባው የቀረው እኔን ፈርቶ ነው ቢል ምን ይባላል?

ሌባውንና ልጁን ያልለየ

አንቲቫይረስ ሌባን የሚያውቀው በአብዛኛው በአሻራ ነው። ኩባንያው በየቀኑ አዳዲስ ቫይረሶችን እየመረመረ ከእያንዳንዳቸው ውስጥ መለያ የሚሆነውን ቍራጭ ይወስድና በመዝገብ አስፍሮ በኢንተርኔት ለደንበኛው ይልካል። ይህ ነው አፕዴት የምንለው። በደንበኛው ቤት ያለው ጠባቂ እያንዳንዱን ፋይል ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። የሚመሳሰል ካገኘ ያስራል ወይም ይገድላል። ዳኛ የለ፣ ይግባኝ የለ። እንግዲህ መዝገቡ ውስጥ በስሕተት የጨዋ ሰው አሻራ የገባ እንደሆነ የሚሆነውን አንባቢ ራሱ ይገምተው።

በሜይ 2007 ዓ.ም. ኖርተን የተባለው ታዋቂ አንቲቫይረስ በቻይንኛ የተዘጋጀውን ዊንዶውስ ኤክስ ፒ ሁለት ዋና ፋይሎች እንደ ቫይረስ ቈጥሮ ስላነሣቸው፣ በቻይና ብዙ ኮምፒዩተሮች መነሣት አቃታቸው። በኖቬምበር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ኤ ቪ ጂ የተባለው፣ ያውም ብዙው ደንበኛ በነጻ የሚጠቀምበት፣ በሆላንድኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣልያንኛና በመሳሰሉት ቋንቋዎች የተዘጋጀውን የዊንዶውስ ፋይል ከሰሰ። «ላጥፋው?» ብሎ ደንበኛውን ጠየቀ፤ ደንበኛውም ምስኪን፣ ጠባቂው ካለ ብሎ «አዎን» አለ። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ አልተነሣም። ይህኛው ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። የባለቤቱ እጅ አለበትና፤ የጋሼ እጅ በፍላሻቸው ላይ እንዳለበት ማለት ነው።

ከሁሉ የበለጠ ወሬ የተነሣበት ግን ኤፕሪል 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። የማካፊ ኩባንያ በዚያ ዕለት በላከው አፕዴት ውስጥ የስሕተት አሻራ ነበረበት። በዊንዶውስ ኤክስ ፒ ላይ የብዙ አገልግሎቶች አስተናጋጅ የሆነውን «ኤስ ቪ ሲ ሆስት» የተባለውን ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ያዘው። ይህ ፋይል ለኮምፒዩተሩ እንደ ምሰሶ ነው። ምሰሶው ሲነቀል ኮምፒዩተሮቹ እየጠፉ እየተነሡ፣ እየተነሡ እየጠፉ ይዞሩ ጀመር፤ የኔትወርክ ግንኙነታቸውም ተቋረጠ። በአሜሪካ በኬንተኪ የፖሊስ ሠራዊት በመኪናቸው ውስጥ ያሉትን ኮምፒዩተሮች እንዲያጠፉ ታዘዙ፤ በአውስትራሊያም ገንዘብ መቀበያው ስለቆመ የተዘጉ ሱቆች ነበሩ።

ጉዳቱ በመሥሪያ ቤቶች ላይ ቢበረታም እኔ የማስበው በቤቱ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ያለውን ሰው ነው። ኩባንያው ስሕተቱን ዐውቆ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አፕዴቱን አነሣ፤ ማረሚያውንም በኢንተርኔት አወጣ። ነገር ግን የዚያ ሰው ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ተቋርጧል። መድኃኒቱን የሚያገኘው በሽታው በዘጋው በር በኩል ነው! ጐረቤት ዘንድ ሄዶ፣ በጐረቤቱ ኮምፒዩተር አውርዶ፣ በፍላሽ ይዞ መመለስና መመሪያውን ደረጃ በደረጃ መከተል ነበረበት። ይህን ማድረግ ያልቻለው ሁሉ ወደ ጠጋኝ ሄዶ ገንዘብ ከፈለ። ኩባንያው በኋላ ለቤት ደንበኞቹ ለጥገና ያወጡትን ተገቢ ወጪ እንደሚተካና የ2 ዓመት አገልግሎት በነጻ እንደሚጨምርላቸው አስታወቀ። በር የዘጋባችሁ ዘበኛ ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ይጠብቃችሁ እንደ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የማካፊ የቴክኒክ ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ከርትስ፣ በኋላ ክራውድስትራይክ የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ጁላይ 19 ቀን 2024 ዓ.ም. ከዚያ ኩባንያ በወጣ የተበላሸ አፕዴት፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ወደቁ፤ የአየር መንገዶች ጉዞ ተሰናከለ። የክራውድስትራይክ ዕቃ ለመሥሪያ ቤቶች እንጂ ለቤት የሚሸጥ ስላልሆነ አላተትበትም። ግን አንድ ሰው በ14 ዓመት ውስጥ በሁለቱም ሥፍራ መገኘቱ ዕድሉን ያሰኛል።

የዘበኛው ደመወዝ

የደንበኞች ምሬት ሁሉ ከቴክኒክ ስሕተት የመጣ አይደለም። ብዙው ስለ ገንዘብ ነው። አንድ ሰው የአንድ ዓመት ጥበቃ ይገዛል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሳይጠየቅ ከባንክ ሂሳቡ ላይ ለሁለተኛው ዓመት ይቈረጥበታል። በ2009 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ማካፊንና የኖርተን ባለቤት የነበረውን ሲማንቴክን በዚህ ነገር ጠይቋቸው፣ ውሉ በራሱ እየታደሰ ገንዘብ እንደሚያስከፍል ለደንበኛው በግልጽ አላስታወቃችሁም ስላላቸው፣ እያንዳንዳቸው 375,000 ዶላር ከፍለው አሠራራቸውን ሊያስተካክሉ ተስማሙ።

የኦፊስ ዲፖ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ኦፊስ ዲፖ በአሜሪካ የጽሕፈት ዕቃና ኮምፒዩተር የሚሸጥ ትልቅ መደብር ነው። ደንበኞች ኮምፒዩተራቸውን ያለ ዋጋ እንዲያስመረምሩ ይጋብዝ ነበር። ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ሠራተኛው 4 ጥያቄ ይጠይቃል፤ ኮምፒዩተርዎ ቀርፋፋ ሆኗል? ብዙ ማስታወቂያ ብቅ ይልበታል? የመሳሰለውን። ከአራቱ አንዱን «አዎን» ያለ ደንበኛ ሁሉ፣ ማሽኑ ምንም ያግኝ ምን፣ የቫይረስ ምልክት ተገኝቶበታል የሚል ውጤት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በመቶዎች ዶላር የሚቈጠር ጥገና ይሸጥለታል። ለመሆኑ ኮምፒዩተሬ ፈጣን ነው ብሎ የሚመልስ ማን አለ? የአሜሪካ የንግድ ተቈጣጣሪ ኮሚሽን በ2019 ዓ.ም. መደብሩን 25 ሚሊዮን፣ ፕሮግራሙን ያቀረበለትን ሰፖርት ዶት ኮም የተባለውን ድርጅት ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር አስከፈላቸው።

ጭራሹን ዘበኛ መስሎ የሚመጣ ሌባም አለ። ኢንተርኔት ስንመለከት ድንገት መስኮት ይከፈትና ኮምፒዩተራችሁ በቫይረስ ተሞልቷል፣ ይህን ገዝታችሁ አጽዱ ይላል። ቫይረሱም የለም፤ ማጽጃውም ማጽጃ አይደለም። «ዊንፊክሰር»ንና «ኤክስ ፒ አንቲቫይረስ»ን የመሳሰሉትን በዚህ መንገድ የሸጡትን ሰዎች ያው ኮሚሽን በ2008 ዓ.ም. ከሰሳቸው። የተታለሉት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ከተከሳሾቹ በአንዲቱ ላይ የ163 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ፈረደ።

የቤቱን ምሥጢር የሚያወጣ ዘበኛስ? አቫስት የተባለው ኩባንያ አንቲቫይረሱን በነጻ ስለሚሰጥ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ደንበኛ ነበረው። ከሚሰጣቸው ተስፋዎች አንዱ በኢንተርኔት ላይ ዱካችሁን ከሚከታተሉ እጠብቃችኋለሁ የሚል ነበር። በጃንዩዌሪ 2020 ዓ.ም. ጋዜጠኞች እንዳጋለጡት፣ ኩባንያው ራሱ ደንበኞቹ የጐበኟቸውን ገጾች እየመዘገበ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ይሸጥ ነበር። የሚገዛው ብዙ ነው፤ ሰው ስለ በሽታው፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ዕዳው የፈለገው ሁሉ ከዱካው ይታወቃልና። ጃምፕሾት ወዲያው ተዘጋ፤ አቫስትም በ2024 ዓ.ም. 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። «ነጻ» የሚለውን ቃል ሳይ አሁን ትንሽ ቆም እላለሁ።

በማግስቱ ሌላ ሰው

የካስፐርስኪ ነገር የቅርብ ጊዜ ነው፤ ስሙም በኛ አገር የታወቀ ነው። ኩባንያው በ1997 ዓ.ም. በሞስኮ የተቋቋመ ሲሆን፣ በሙያ በኩል ምስጋና የማይነፈገው ነው። ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት፣ የሩሲያ መንግሥት ኩባንያውን ሊያዝዘው ይችላል በሚል ስጋት፣ በጁን 2024 ዓ.ም. በአሜሪካ ምድር እንዳይሸጥ፣ ከሴፕቴምበር 29 በኋላም አፕዴት እንዳይልክ ከለከለው። ኩባንያው ለደንበኞቹ፣ አታስቡ፣ ጥበቃችሁ አይቋረጥም የሚል ደብዳቤ በኢሜይል ላከ። ቀኑ ሳይደርስ፣ በሴፕቴምበር ውስጥ፣ አንዳንዶቹ ኮምፒዩተራቸውን ሲከፍቱ ካስፐርስኪ የለም፤ በቦታው «አልትራ ኤ ቪ» የተባለ ሰምተውት የማያውቁት ፕሮግራም ተቀምጧል። ማንም «ልጫነው?» ብሎ አልጠየቃቸውም። አንዳንዶቹ ደንግጠው ቫይረስ የያዛቸው መሰላቸው፤ አጥፍተውት ኮምፒዩተሩን እንደገና ሲያስነሡት ተመልሶ ያገኙት እንዳሉም ተናግረዋል። ማታ የሚያውቁትን ዘበኛ ደህና እደር ብለው የገቡ ሰዎች፣ ጠዋት በሩ ላይ ሌላ ሰው፣ ያውም ቍልፉን ይዞ፣ አገኙ።

ይህ ታሪክ አንድ ነገር አስረዳኝ። አንቲቫይረስ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ከባለቤቱ የበለጠ ሥልጣን አለው። ሁሉን ፋይል ያነባል፣ ያጠፋል፣ ያግዳል። ሥልጣኑ ባይኖረው ሌባውን ሊይዝ አይችልም፤ ሥልጣኑ ስላለው ደግሞ የሱ ስሕተት የሌባውን ያህል ይጐዳል።

በኛ ዘንድ ያለው ልማድ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በብር ካርድ ከውጭ አገር ዕቃ መግዛት ለተራ ደመወዝተኛ ቀላል ስላይደለ፣ ብዙዎቻችን ክራክ የተደረገውን አንቲቫይረስ ከጓደኛ በፍላሽ እንቀበላለን። ክራኩ እንዲሠራ መጀመሪያ ያለውን ጥበቃ አጥፉ የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህን አድርጌአለሁ፤ ዘበኛ ለመቅጠር ብዬ ያለውን ዘበኛ አስተኝቼ፣ የማላውቀውን ሰው በጓሮ አስገባሁት ማለት ነው። አሁን በላፕቶፔ ላይ ያለው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው ዲፌንደር ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት በ2009 ዓ.ም. ነጻ አንቲቫይረስ ማደል ጀምሮ፣ ከ2012 ዓ.ም. ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በሲስተሙ ውስጥ አካቶ ይሰጣል። ፍጹም ነው አልልም። ግን የእድሳት ገንዘብ አይጠይቀኝም፤ ለአንድ መምህር ላፕቶፕም የሚበቃ ይመስለኛል። ውጤቴን ግን በሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ አንዱ ወረቀት ነው።

ወደ ጋሼ እንመለስ። የማጠቃለያው ፈተና ወረቀት ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ስለነበረ እሱ ተረፈ። ሴሚስተሩን ሙሉ የተሰጡት ትንንሽ ፈተናዎች ግን ታርመው ለተማሪዎቹ ተመልሰው ነበር። ጋሼ በየክፍሉ እየዞሩ፣ «ወረቀታችሁን አምጡልኝ» ብለው ለመኑ። ብዙው አመጣ። 4 ከ10 ያገኘበትን ወረቀት፣ ጠፋብኝ ማለት ሲችል፣ አጣጥፎ ያመጣ ልጅም ነበረ። ወረቀቱ የጠፋባቸው 46 ተማሪዎች ቅዳሜ ጠዋት ዳግመኛ ተፈተኑ። ከነሱ አንዲቱ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ 9 ነበር ያገኘሁት» ብላ አለቀሰች። በዳግመኛው 6 አገኘች። ጋሼ 9 ማግኘቷን እንደሚያስታውሱ ነግረውኛል፤ ግን ለሌሎቹ 45 ያላደረጉትን ለሷ ብቻ ማድረግ አልሆነላቸውም። 6 ብለው መዘገቡ።

አሁን በክንዳቸው ሥር ሰማያዊ የባሕር መዝገብ ይዘው ይዞራሉ፤ መሥመሩን የሚያሰምሩት በማስመሪያ ነው። ላፕቶፑንም አልተዉትም። ባለፈው ሳምንት አብረን ፈተና ስናወጣ ከስክሪኑ ጥግ አንድ መስኮት ብቅ አለና ጥበቃው ሊያበቃ 7 ቀን እንደቀረው፣ ለማደስም እንዲከፍሉ ነገራቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይኸ ሰውዬ፣» አሉኝ፤ «ደመወዝም ይጠይቃል እንዴ?»